የቤታችን መዝጊያ

ዝናቡ ሲያባራ፣ ለዓይን ሲይዝ ማታ፣
የቅሬው ለፋፊ ቆሞ ከጉብታ፣
"የሰማህ ላልሰማ! ወይን አምባ ተናደ፣
ተራራው ከነዛፉ ሰው ላይ ወረደ።
ከየቤቱ አንድ ሰው፣ ዶማ ይዞ አካፋ፣
ጎህ ሳይቀድ ሾላው ሥር፤ አደራ እንዳይጠፋ!"

አባቴ ዝም አለ።
ወይን አምባ ማለት ለእሱ ሙሄ ነው፣
ሙሄ ማለት ድንበር፣ ድንበር ማለት ክስ ነው።
ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ውጫሌ ፍርድ ቤት፣
አንድ ክንድ መሬት ለሁለት ሲጎትቱት፣
ሁለት በግ አንድ ጊደር ለጠበቃ ነጎደ፣
ድንበሩ ግን ስንዝር ከቦታው አልሄደ።
ዛሬ ማን ያውቀዋል የት እንደደረሰ?
የሙሄ ቤት ከሥር ነው፣ አፈሩ ከፈሰሰ።

እናቴ ጦይባ ምንም አልጠየቀችም፣
"ትሄዳለህ?" አላለች፣ "ቅር" ም አላለችም፤
የበሶ አቅማዳውን ከማገር አውርዳ፣
ሲቀልባት ጊዜ ጨመረች ከጓዳ፤
"ሦስት ሰው፣ ሦስት ቀን" ብላ ሰፈረችና፣
ቆም አለች። የአራተኛ ሰው ሰፈረች እንደገና።
ለማን እንደሆነ አልነገረችንም።

የአካፋችን እጀታ ተሰንጥቋል ከራሱ፣
ኑሩ በእርጥብ ጠፍር አሰረው በጥርሱ፣
"ሲደርቅ ይጠብቃል፣ ብረት ነው" እያለ።
የጠፍሩ ጠረን ቤት ውስጥ ዋለለ።

እህቴ ዘምዘም ሦስት ቀን ሠልጥናለች ከቀይ መስቀል፤
"ወገቡ የተሰበረ ሰው በእጅ አይንጠልጠል፣
ጠፍጣፋ እንጨት ይፈልጋል" ብላ ዙሪያውን አየች፤
መደባችን ጭቃ ነው፤ ሣንቃ ከየት ታምጣ?
ዓይኗ በሩ ላይ ቆመ።
"መዝጊያውን ንቀሉት" አለች።

"አብደሻል?" አለ ኑሩ፣ "ጅቡን ምን ልትይው?"
አባቴ ግን ተነሣ፣ ማጠፊያውን አየው፤
በዶማው ጀርባ መታው። ያያቴ ጥርብ ወይራ
ጮኸና ወለቀ፤ ነፋስ ገባ ከተራራ።
እናቴ የምንተኛበትን ቁርበት አነሣች፣
ከመቃን መቃን ወጥራ በሩን ጋረደች።

"አሁን ሰው ያስፈልገናል" አለች ዘምዘም፣ "ለልምምድ።"
ትንሿ እኔ ነበርኩ፤ ተጋደምኩ እንደ ግንድ።
"አትንቀሳቀሺ፣ ወገብሽ ተሰብሯል።"
"እሺ" አልኩ።
"አትናገሪ፣ አፍሽ ጭቃ ሞልቷል።"
በአህያው መጫኛ ደረቴን፣ ጭኔን አስረው፣
"አንድ፣ ሁለት" ብለው አነሡኝ ከመሬት ነጥለው፤
ቀረበኝ ጣሪያው፣ ጥላሸቱ፣ የሸረሪት ድር፤
የአባቴን ፊት ከሥር አይቼው አላውቅም ነበር።
አገጩ ይንቀጠቀጣል። ክብደቴ መስሎኝ፣
"ከበድኩህ?" ብለው፣ ሳይመልስ አወረደኝ።

ከዚያ እጁን ሰደደ ከጣሪያው ሣር መሀል፤
ያወጣው ያን ፋይል ነው፣ በድርብ ፌስታል
ተጠቅልሎ ስድስት ክረምት ጠብታ ያልነካው፣
ባለ ማኅተሙን፣ ሙሄን የሚከሰው።
ወረቀቱን አወጣ፤ ፌስታሉን አራገፈ፤
ክብሪት፣ ጨው፣ የዘምዘም ፋሻ በውስጡ ታቀፈ፤
አፉን ሁለቴ ቋጠረ።
ወረቀቱን ግን መልሶ ሣሩ ውስጥ ሸጎጠው፣
እንዲያው፣ ራቁቱን።
ማንም ምንም አላለው።

ሌሊት ዱዓ ሆነ። ደምሌ በቅሎውን እየሳበ፣
ከውጭ "አሚን" ብሎ ወደ ደጁ ቀረበ፤
ፍልሰታ ነውና ስንቁ ሽምብራ ነበረ፣
ከእኛ በሶ ጋራ ባንድ ኮርቻ ታሰረ።
"ቶሎ በሉ" አለ፣ "ወንዙ ሳይሞላብን።"
እኔና እናቴ ቁርበቱን ገልጠን ቆምን።
ዳገቱን ሲወጡ፣ በባትሪ ብርሃን፣
ሰው አይመስሉም ነበር፤ በር ሲሄድ አየን።

ቀኑን ሙሉ ጣለ። ጣሪያችን ያው ያፈሳል፤
የወረቀቱ ቀለም፣ ሰማያዊው፣ ወርዶ ይንጠባጠባል።
"ላንሣው እንዴ?" አልኳት፣ በርጩማ ላይ ቆሜ።
እናቴ ቀና አላለችም፤ ቁርበቱን ትወጥራለች።
"ተይው" አለች፤
"ጣሪያውን የከደነው እሱ ነው፣
የሚያፈስበትን ቦታ ያውቀዋል።"